ጂአይኤስ በማታር ሜዳ፦ የሚባለውና እውነታው

ማታር በጋምቤላ ክልል ኑዌር ዞን፣ ዋንቱዋ ወረዳ ውስጥ ከባሮ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ያው መሬት ውሃ ይተኛበታል። እዚህ መንገድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የሚሠራ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ነው። ዛሬ መልሱ የሚፈለገው ከጂአይኤስ፣ ማለትም ከመልክዓ ምድራዊ መረጃ ሥርዓት ነው። መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ስለዚህ መሣሪያ ይዘናቸው የምንዞረው የተሳሳቱ እምነቶች እንደ ማታር ባለ ሜዳ ላይ ብዙ ያስከፍላሉ።

«ጂአይኤስ ካርታ መሥሪያ ነው»

ካርታው መጨረሻ ላይ የሚወጣ ወረቀት ነው። ዋናው ሥራ የአፈሩን ዓይነት፣ የወንዙን መስመር፣ የሰፈሩን ቦታና የገረጋንቲ ማውጫውን ርቀት አንድ ላይ ደርቦ መጠየቅ ነው። ዋልካ ላይ መንገድ ለመሥራት ገረጋንቲ ከሩቅ ይጫናል፤ የትኛው መስመር የጭነቱን ኪሎ ሜትር እንደሚቀንስ መሐንዲሱ ገና ቢሮው ሳለ ማስላት ይችላል።

«ከፍታው ከሰማይ ተለክቷል፤ ቀያሽ አያስፈልግም»

ከሁሉም አደገኛው እምነት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ብዙዎቻችን በነፃ አውርደን የምንጠቀምበት የከፍታ መረጃ የተሰበሰበው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ጉዞዋ በራዳር በለካችው ልኬት ነው። መረጃው መሬቱን 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያውም በሙሉ ሜትር። 412 ወይም 413 ይላል እንጂ 412.4 አይልም። ሲታቀድ የተፈቀደለት የከፍታ ስህተት እስከ 16 ሜትር ነበር። በተግባር ከዚያ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቢሆንም ስህተቱ አሁንም በሜትር የሚቆጠር ነው።

በኢሉባቦር ደጋ ላይ ላለው ለጎሬ ዳገት ይህ ይበቃ ይሆናል። የማታር ሜዳ ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚያዘቀዝቀው በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ጎርፉም ቤት የሚያፈርሰው በጉልበት ወይም በወገብ ልክ ገብቶ ነው። የመረጃው ስህተት ከጎርፉ ጥልቀት በላይ ሆነ ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ራዳሩ ከዛፍ አናት ላይም ይመለሳል። በባሮ ዳር የተሰለፉት ዛፎች በኮምፒውተሩ ላይ ከፍ ያለ ዳርቻ መስለው ይታያሉ፤ የጎርፍ ስሌቱም ወንዙ ከአፉ እንደማይወጣ ይናገራል። ያንን አምኖ የቱቦውን ስፋትና የሙሌቱን ከፍታ የወሰነ ሰው መንገድ ሠራሁ ብሎ ግድብ ሠርቶ ሊገኝ ይችላል፤ ውሃው በአንድ ወገን ይታቆራል፣ ሰፈሩም ይሰምጣል።

መፍትሔው ሌቭልና ትሪፖድ ይዞ መውረድ ነው። እርግጥ ነው ጂአይኤስ እዚህም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀችው ሴንቲነል 1 በክረምት ደመና ውስጥ አልፋ በራዳር ታያለች፤ የተኛ ውሃ በምስሏ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። የበርካታ ክረምቶችን ምስል ደራርቦ የትኛው ጉብታ ሁልጊዜ ደረቅ እንደሚቀር ማየት ይቻላል። ረግቶ የተኛ ውሃ ራሱ ሌቭል ነውና ዳርቻው የመሬቱን ከፍታ ይሥላል። ያንን ምስል ይዞ የኑዌር ሽማግሌዎችን ማነጋገር ደግሞ የጥናቱ አካል ሊሆን ይገባል። ከብታቸውን በክረምት ወደ ከፍታው፣ በበጋ ወደ ወንዙ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰዎች ውሃው የት ዛፍ ላይ እንደደረሰ ያውቃሉ። እኔ የሽማግሌ ምስክርነት ያልገባበትን የጎርፍ ጥናት ሙሉ ነው አልልም።

«ማታርን የሚያጥለቀልቃት የማታር ዝናብ ነው»

የአካባቢው ዝናብ ድርሻ አለው፤ ዋናው ውሃ ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ባሮ ጋምቤላ ከተማ ሲደርስ ከ23,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ተፋሰስ ውሃ ሰብስቦ ነው፤ አብዛኛው ከኢሉባቦርና ከአጎራባች ደጋዎች የሚወርድ ነው። ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኑዌር ሜዳ ወደ 400 ሜትር ግድም ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማንና የኑዌር ዞን ወረዳዎችን ሲያጥለቀልቅ ያየነው የዚህን ደጋ ውሃ ነው። የማታርን ድልድይ የሚነድፍ ሰው ስሌቱን ከጎሬና ከመቱ ዝናብ መጀመር አለበት። የተፋሰሱን ወሰን ለመለየት ጂአይኤስን የሚተካከል መሣሪያ የለም፤ ደጋው ላይ ያ የከፍታ መረጃም በቂ ነው።

«ጂፒኤስ የሰጠው ቁጥር የትም ያው ነው»

አብዛኛው ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ ነው፤ ጋምቤላ ግን ዞን 36 ናት። የማታርን ነጥብ በዞን 37 ያስገባ ሰው ነጥቡን 660 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ፣ ከአዲስ አበባ አሳልፎ ወደ አዳማና አርሲ አቅጣጫ ይወስደዋል። ይህ ወዲያው ስለሚታይ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሚያስፈራው የአዲንዳን ጉዳይ ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበት መነሻ አዲንዳን ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። በስክሪን ላይ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። የድልድይ ምሰሶን ግን ከወንዙ አውጥቶ ሜዳ ላይ ያቆመዋል።

«ሶፍትዌሩ ውድ ነው፤ ለወረዳ አይሆንም»

ኪውጂአይኤስ በነፃ ይወርዳል። የወንዝ ፍሰት የሚያሰላው ሄክ ራስም ነፃ ነው። የሴንቲነል ምስሎችም አይከፈልባቸውም።

በማታር ዙሪያ ዲዛይን የያዛችሁ መሐንዲሶች ሆይ፣ መሬቱ ደርቆ መኪና በሚያስገባበት በበጋ ሌቭሉን ይዛችሁ ውረዱ። የጎርፍ ምልክቱን የሚያሳዩአችሁን ሽማግሌዎች ፈልጉ፤ ያሳዩአችሁን እያንዳንዱን ዛፍ ቀይሱ፣ ዲዛይኑንም ከዚያ በኋላ ፈርሙ።