ትልቁ ኩባንያና ትንሹ ሥራ

«መምህር፣ ምሕንድስና ተምሬ ትልቅ ኩባንያ ብገባ ይሻለኛል ወይስ አባቴ እንደሚለው የመንግሥት ሥራ ልያዝ?» ሲል አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ በቅርቡ ጠየቀኝ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በቀጥታ ጠመኔ የጨበጥሁ ሰው ነኝና የምመልሰው አልነበረኝም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዤ እዚሁ ባሕር ዳር አጎቴ ቤት ሄድሁ። አጎቴ በወጣትነታቸው በጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ግንባታ የቀያሽ ረዳት ነበሩ።

የሥራውን ትልቅነት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የጣና ውኃ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በቁንዝላ በኩል ይጠለፍና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ተጉዞ ከምድር በታች ወደ ተሠራው ማመንጫ ይወርዳል። በዚያ ያሉት 4 ተርባይኖች አቅማቸው በድምሩ 460 ሜጋዋት ነው፤ በ1956 ዓ.ም. ከተሠራው ከመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ አርባ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ሳሊኒ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ገንብቶት በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ።

«ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ምን ሠሩ?» አለ ልጁ።

«ዘንግ ይዤ ቆምሁ» አሉ አጎቴ እየሳቁ።

ቀልድ አልነበረም። ዋሻ ውስጥ የሳተላይት ምልክት አይገባም። አቅጣጫው ከደጅ ካለው የታወቀ ነጥብ ተነሥቶ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተለካ ወደ ውስጥ ይወሰዳል። በ100 ሜትር ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሳተ አቅጣጫ ሳይታረም 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አንድ ሙሉ ሜትር ይስታል። (ይህን ስሌት ሰኞ ለክፍሌ ሰጠሁት፤ ግማሹ ተሳሳተ።)

አጎቴን በመጀመሪያ ያስቀየማቸው ጨለማውም የሌሊት ፈረቃውም አልነበረም። እርሳቸው የለኩትን ሌላ ሰው ደግሞ መለካቱ ነው። «በአገራችን የሰውን ቃል መልሶ መጠየቅ ንቀት ነው። አልታመንሁም ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ሰው ያላየው ቁጥር እዚያ ቁጥር እንዳልሆነ የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው» አሉ።

ሁለተኛው ነገር የባሰ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ትቶ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ሥራው ራሱ አልቆ ሠራተኛውን ትቶት ይሄዳል። ዋሻው ሲያልቅ ከጓደኞቻቸው አንዳንዶቹ ያው ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረበት ወደ ሕዳሴው ግድብ፣ ወደ ጉባ ወረዱ። አጎቴ ሚስታቸው ታመው ስለ ነበር ቀሩ። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ በቴሌቪዥን ሲያዩ አብሬአቸው ነበርሁ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ይቆጭዎታል?» አለ ልጁ፤ እኔ ለመጠየቅ ያልደፈርሁትን።

አጎቴ ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ አንድ ያረጀ ደብተር አመጡለት፤ ልኬት ሲማሩ የያዙት ነው። በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች ሞልተውታል። የተሳሳተው አልተፋቀም፤ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መሥመር ብቻ ተሰርዟል፣ ትክክለኛውም ከላዩ ተጽፏል።

«ለምን አልፋቁትም?»

«መፋቅ ክልክል ነው።»

ልጁ ገጹን እየገለጠ ስርዞቹን መቍጠር ጀመረ። አጎቴም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብለው ያዩት ነበር።