ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን አይከፍትም፦ የቤት ውስጥ ሜሽ ዋይፋይ ፊዚክስ

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ወደ ቤታቸው ጠሩን። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው የምታጠናው ከዋናው ቤት በስተኋላ፣ በግቢው ጫፍ በሚገኘው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። የዋይፋዩ ሞገድ ግን እዚያ አይደርስም። በመሆኑም ልጅቱ የቪዲዮ ትምህርት ለመከታተል በፈለገች ቁጥር ማታ ማታ ጋቢ ተከናንባ በዋናው ቤት በረንዳ ላይ በርጩማ ይዛ ትቀመጣለች። አባትየው ችግሩን ለመፍታት ሁለት ጊዜ ሪፒተር ገዝተዋል፤ የኢንተርኔት ጥቅላቸውንም ከ10 ወደ 25 ሜጋ ቢት በሰከንድ አሳድገው በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። ለውጥ ባለመገኘቱም «መሥመሩ ነው የማይረባው» ከሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። አሁን ደግሞ ሦስት ኖዶች ያሉት የሜሽ ዋይፋይ መሣሪያ ለመግዛት አስበዋል። ዋጋው ለጡረተኛ የሚቀልል አይደለም። «ዶክተር፣ ገንዘቤን ከመጣሌ በፊት እስቲ እይልኝ» አሉን።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ቤት ያደረግነውን ልኬት፣ የሠራነውን ስሕተትና ከስሕተቱም የተማርነውን ለአንባብያን ለማካፈል የተዘጋጀ ነው። ለሥራው ያስፈለገን መሣሪያ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስልክና በማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ የሞገድ ዕውቀት ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

የመጀመሪያው እርምጃ መሥመሩንና ዋይፋዩን ለያይቶ መመርመር ነው። ላፕቶፓችንን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝተን ፍጥነቱን ስንለካ 25 ሜጋ ቢት በሰከንድ አገኘን። ይህም ጎረቤታችን የሚከፍሉበት መጠን ነው። ስለዚህ ወራት ሙሉ ሲወቀስ የኖረው መሥመር ከጥፋቱ ነፃ ሆነ ማለት ነው። ቀጥለን ስልካችንን ይዘን ከራውተሩ 18 ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ልጅቱ ክፍል ገባን። የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየው ፕሮግራም በ5 ጊጋ ኸርዝ ባንድ −86 ዲቢኤም አነበበልን።

ዲቢኤም የሚባለው መለኪያ ሎጋሪዝማዊ ነው። 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊ ዋት ሲሆን፣ በ10 ዝቅ ባለ ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ራውተሩ 100 ሚሊ ዋት፣ ማለትም +20 ዲቢኤም ይረጫል ብንል፣ ልጅቱ ክፍል የደረሰው −86 ዲቢኤም ግን 2.5 ፒኮ ዋት ብቻ ነው። ለቪዲዮ በተለምዶ −67 ዲቢኤም ወይም ከዚያ የተሻለ ንባብ ይመከራል፤ ከ−80 በታች ግንኙነቱ መቆራረጥ ይጀምራል።

ኃይሉ የት ገባ?

ከአንድ ነጥብ የሚነሣ ሞገድ በነፃ አየር ውስጥ ሲስፋፋ ጥንካሬው ከርቀቱ ካሬ ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ በዴሲቤል ሲገለጽ 6 ዴሲቤል ይጠፋል ማለት ነው። በ5.2 ጊጋ ኸርዝ የመጀመሪያዋ አንድ ሜትር ብቻ 47 ዴሲቤል ያህል ትወስዳለች። እስከ 18 ሜትር ያለው ተጨማሪ ጉዞ ደግሞ 25 ዴሲቤል ይወስዳል። ከ20 ላይ 72 ሲቀነስ −52 ዲቢኤም እናገኛለን። መካከሉ ባዶ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ያለው ሲግናል እጅግ ጥሩ በሆነ ነበር።

የለካነው ግን −86 ነው። ልዩነቱ 34 ዴሲቤል፣ ማለትም 2500 እጥፍ ያህል ነው። ይህን ኃይል የበላው ርቀቱ ሳይሆን በመካከል ያለው ነገር መሆኑ ከዚህ ይታያል። በመንገዱ ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳዎች፣ በግቢው መካከል ውኃ የሞላ ታንከርና በቆርቆሮ የተለበጠ የሰርቪስ ቤት ግድግዳ ነበሩ። ብሎኬት የሞገዱን ከፊል ይመጥጣል፣ ከፊሉን ያንጸባርቃል። ውኃ በእነዚህ ድግግሞሾች ሞገዱን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ስለሚመጥጥ፣ ሙሉ ታንከር ለዋይፋይ የማይታለፍ ግንብ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በእነዚህ ድግግሞሾች ሞገድ ወደ ብረት ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ እጅግ ስስ የሆነ ቆርቆሮ እንኳ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ይመልሰዋል። ወደ ክፍሉ የገባችው ጥቂት ኃይል በመስኮቱ መስታወትና በበሩ ስንጥቅ በኩል ያለፈችው ናት።

የሜሽ ሐሳብ ከየት መጣ?

ግድግዳን በጉልበት ማሸነፍ ካልተቻለ አማራጩ መዞር ነው። ሜሽ ማለት መረብ ሲሆን፣ ሐሳቡም በቤቱ ውስጥ የተቀመጡ በርካታ ኖዶች አንዱ የሌላውን መልእክት እየተቀበሉ እንዲያሻግሩ፣ ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል እንደ አንድ አውታር እንዲሠሩ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ፣ 802.11፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር፤ የሜሽ አሠራርን የሚመለከተው ተጨማሪ ደረጃ ደግሞ በ2011 ጸድቋል። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ የማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች በካምብሪጅ ከተማ በቤቶች ጣሪያ ላይ አንቴናዎችን ተክለው ሩፍኔት የተባለ መረብ ዘርግተው ነበር።

ከዚያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ለጉዳያችን ቁልፍ የሆነ ነገር አሳይቷል። መልእክት በጥቂት ዝላይ የሚደርስበት መንገድ ሁልጊዜ የተሻለው መንገድ አይደለም። ረጅምና ደካማ ከሆነ አንድ ዝላይ ይልቅ አጫጭርና ጠንካራ የሆኑ ሁለት ዝላዮች ይሻላሉ፤ በደካማው መንገድ ላይ መልእክቱ እየጠፋ ደጋግሞ መላክ ያስፈልጋልና። ይህን ጥናት እናውቀው ነበር። ቢሆንም እንደሚከተለው ተሳሳትን።

የኛ ስሕተት

በልኬታችን መሠረት ሁለት ኖዶች ይበቃሉ ብለን ስለ መከርን ጎረቤታችን ሁለቱን ብቻ ገዙ። አንደኛውን ከራውተሩ አጠገብ አደረግነው። ሁለተኛውን ደግሞ ችግሩ ባለበት ቦታ፣ በልጅቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ስልኳ ወዲያው ሙሉ ሲግናል አሳየ፤ −38 ዲቢኤም። አባትየው መረቁን፣ ቡናም ተፈላ። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ልጅቱ ስልኳን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ግን አይከፍትም» አለችን።

ፍጥነቱን ስንለካ 2 ሜጋ ቢት በሰከንድ አልሞላም። በዚህም ላይ እናትየው ሳሎን ሆነው የሚያዩት ቪዲዮ መቆራረጥ ጀመረ። ቤቱ ከቀድሞው ብሶበት ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በስልክ ላይ የሚታዩት የሲግናል መስመሮች የሚነግሩን ስልኩ ቅርብ ከሆነው ኖድ ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ነው። ያ ኖድ ከዋናው ኖድ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ግን አይነግሩንም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኖድ ከዋናው ኖድ የሚቀበለው −84 ዲቢኤም ነበር፤ ቀድሞ ስልኩ የነበረበትን ችግር ኖዱ ወረሰው እንጂ ችግሩ አልተፈታም። ሁለት ጊዜ የተገዙት ሪፒተሮችም የከሸፉት በዚሁ ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። የእናትየው ቪዲዮ የተቆራረጠው ደግሞ በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ መሣሪያ ብቻ በመሆኑ ነው። እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ደካማ ሲግናል ያለው ኖድ ቀስ ብሎ፣ እየደጋገመ ስለሚናገር መድረኩን ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ኖዱን አንሥተን ወደ ዋናው ቤት መለስነው፤ ከልጅቱ መስኮት ፊት ለፊት በሚገኘው የመመገቢያ ክፍል መስኮት አጠገብ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አደረግነው። ታንከሩ ከዚያ መስመር ውጪ ነው። በሁለቱ ኖዶች መካከል ያለው ንባብ −58፣ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ያለው ደግሞ −65 ሆነ። ስልኳ አሁን የሚያሳየው ሲግናል ጠረጴዛዋ ላይ ኖድ ከነበረበት ጊዜ ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱ ግን 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ ደረሰ።

ኖድ የሚቀመጠው እንግዲህ ሲግናል በሌለበት ሥፍራ ሳይሆን፣ ገና ጥሩ ሲግናል ባለበትና ችግር ወዳለበት በሚያይ ሥፍራ ነው።

ማስተካከል

አቀማመጡ ከተወሰነ በኋላ የሚከተሉትን ማስተካከያዎች አደረግን፤ ለማንኛውም ቤት የሚያገለግሉ ናቸው።

አንደኛ፣ በኖዶቹ መካከል ገመድ መዘርጋት። አንድ ኖድ በአንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው ቻናል የሚያሻግር ከሆነ እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ አየር ላይ ስለሚውል አቅሙ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሦስት ባንድ የሚሠሩ መሣሪያዎች አንዱን ባንድ ለእርስ በርስ ግንኙነት በመመደብ ይህን ያቃልላሉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ገመድ ነው። በግድግዳው ጥግ ለጥግ አንድ የኔትወርክ ገመድ ስንዘረጋ ፍጥነቱ 25 ሞላ። እንዲህ ያለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ይሁን እንጂ በግቢ አቋርጦ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄድ የመዳብ ገመድ በክረምት ለመብረቅ የተጋለጠ ስለሆነ ለዚያ ፋይበር ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ቻናል መምረጥ። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ባንድ ያሉት ቻናሎች በ5 ሜጋ ኸርዝ ብቻ የሚራራቁ ሲሆኑ፣ አንድ ሲግናል ግን 20 ሜጋ ኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በተለይ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጎረቤቶቹ የትኞቹን እንደሚጠቀሙ ተመልክቶ ጥቂት ሰው ያለበትን ይምረጥ። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ባንድ ስለሚሠራ ኖድን ከአጠገቡ ማራቅ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ የቻናል ስፋትን መመጠን። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን አቅም ይጨምራል፤ ነገር ግን የሚሰበሰበው ረብሻም እጥፍ፣ ማለትም 3 ዴሲቤል ይጨምራል። ለሩቅ ክፍል ጠባብ ቻናል ይሻላል።

አራተኛ፣ ኃይልን አለማብዛት። ራውተር ጮክ ብሎ ቢናገር ስልክ በዚያው መጠን ሊመልስለት አይችልም። ከዚህም ሌላ ስልኩ ከሩቁ ኖድ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ወደ ቅርቡ አልሻገር ይላል፤ ከኖድ ወደ ኖድ የመዛወሩን ውሳኔ የሚወስነው በዋናነት ስልኩ ራሱ ነውና።

አምስተኛ፣ አንድ ራውተር ብቻ እንዲያዝ ማድረግ። ከመሥመሩ ጋር የመጣው ራውተርና የሜሹ ዋና ኖድ ሁለቱም አድራሻ የሚያድሉ ከሆነ ግጭት ይፈጠራል። ሜሹን በአክሰስ ፖይንት አሠራር ላይ ማድረግ፣ የአሮጌውን ራውተር ዋይፋይ ማጥፋት፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥና የመሣሪያውን ሶፍትዌር ማደስ ያስፈልጋል።

ለአንባብያን የቤት ሥራ

ሜሽ ባይኖራችሁም አንድ ስልክ ከአንድ ጓደኛ ስልክ በሚነሣ ሆትስፖት ላይ ይበቃችኋል። ሰፊ ሜዳ ላይ በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሜትር ርቀት የዲቢኤሙን ንባብ መዝግቡ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በ6 ያህል ይቀንስ እንደሆነ አረጋግጡ። ከዚያም ስልኩን ክፍል ውስጥ በሦስት በሦስት ሴንቲ ሜትር አንቀሳቅሱት፤ ንባቡ ከፍና ዝቅ ሲል ታያላችሁ። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በቀጥታ የመጣውና ከግድግዳ የተንጸባረቀው ሞገድ በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ አንድ ጊዜ ሲደጋገፉ፣ ሌላ ጊዜ ሲጣፉ ነው። በመጨረሻ በሁለቱ ስልኮች መካከል የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ቀጥሎም ውኃ የሞላ ጀሪካን አስገቡና ስንት ዴሲቤል እንደወሰዱ ጻፉ።

ጎረቤታችን በማግስቱ የኢንተርኔት ጥቅላቸውን ወደ ቀድሞው 10 ሜጋ ቢት መለሱት። ለአንዲት ተማሪ የቪዲዮ ትምህርት ያ ይበቃል። ልጅቱ ግን አንድ ጥያቄ አስከትላ ነበር፦ «ታዲያ ስልኩ ለምን ሙሉ ነው ብሎ ይዋሻል?» ስልኩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ አልናት። የጠየቅነው ስለ መጀመሪያዋ ዝላይ ነበር፤ ችግሩ የነበረው በሁለተኛዋ ላይ ነው። ማታ በዚያ በኩል ስናልፍ በርጩማው በረንዳው ላይ አልነበረም፤ የሰርቪስ ቤቱ መስኮት ግን መብራቱ በርቷል።