ውሃ ላይ ያለ እድር

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። መዋኘት ግን አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት «ቤትህ የት ነው?» ስባል «ውሃ ላይ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ዲቪ ደረሰኝና ሲያትል ገባሁ። ዘመዴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ከረምኩ። ዘመዴ ሊያገባ ሲሆን ሶፋውን መልቀቅ ግድ ሆነብኝ። ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት ርካሹ ስቱዲዮ በወር 1,500 ዶላር ነው። እኔ ደግሞ ኤርፖርት አካባቢ በሌሊት ፈረቃ መኪና የማቆም ሥራ ነበር የምሠራው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ «እኔ እኮ ጀልባ ላይ ነው የምኖረው» ሲለኝ ሳቅኩበት። ከዚያ ቤቱን አሳየኝ። ሳቄን አቆምኩ።

ሲያትል ፒዩጀት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ብዙ ማሪናዎች አሉ። ማሪና ማለት በቀላሉ የጀልባ ሰፈር ነው። ዶክ የሚባለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መተላለፊያ እንደ መንደር መንገድ ይዘረጋል፣ ጀልባዎቹ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። አብዛኞቹ ባለቤቶች በበጋ ቅዳሜና እሁድ ብቅ ይላሉ። ጥቂቶቹ ግን በፈቃድ እዚያው ይኖራሉ። ለመኖሪያ ፈቃዱ ወረፋ አለው፤ እኔ 7 ወር ጠብቄያለሁ። ከዚያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ የሆነች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የሸራ ጀልባ በ5,500 ዶላር ገዛሁ።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ? «ኪራይ የሚሉት ነገር ቀረልኝ» ብዬ ለእናቴ በስልክ ፎከርኩ። ዓመቱ ሲሞላ ሒሳቡን ሠራሁት። ለማሪናው በወር 740፣ በዓመት 8,880 ዶላር። ኢንሹራንስ 480። ጀልባዋን ከውሃ አውጥቶ ሆዷን ለማስፋቅና ለመቀባት 2,300። ፓምፕ፣ ባትሪ፣ ማሞቂያና የመብራት ገመድ 1,940። ድምር 13,600። የመግዣዋ ሲጨመር 19,100 ዶላር። ስቱዲዮው በዓመት ስንት ነበር? 18,000። አያችሁልኝ? በመጀመሪያው ዓመት የከሰርኩት እኔ ነኝ።

ምቾቱን ካነሳችሁ ደግሞ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው 8 ሰዓት ተኩል ለማይሞላ ጊዜ ነው፣ እሷም ከታየች። ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ፍራሼ ላይ ይንጠባጠባል። ልብሴ ይሻግታል። ሽንት ቤቱ ታንክ አለው፤ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፒዩጀት ሳውንድ የጀልባ ሽንት ቤት ፍሳሽ ታክሞም ቢሆን ወደ ውሃ መልቀቅ ክልክል ስለሆነ፣ ታንኩ በሞላ ቁጥር ወስዶ በፓምፕ ማስመጠጥ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ከየብስ ወደ ዶኩ የሚያወርደው መሰላል መሳይ ድልድይ ውሃው ሲሞላ ሜዳ ነው፣ ሲጎድል ገደል። አስቤዛ ለመግዛት ሳይቀር ሰዓት የማየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን አልወጣሁም? በጎረቤቶቼ ምክንያት።

ከጎኔ ያለው ጀልባ የአንድ የ76 ዓመት አዛውንት ነበር። የመርከብ ሞተር መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ 22 ዓመት እዚያው የኖሩ። በገባሁ ቀን ጀልባዬን ያሰርኩበትን ገመድ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ አራቱንም ፈትተው እንደገና አሰሩት። ስማቸውን መጥራት አፌ እምቢ አለኝ፤ በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው እንዴት በስሙ እጠራለሁ? «ጋሼ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ዶኩ ሙሉ «ጋሼ» ይላቸው ጀመር። ፈረንጅ ሁሉ «ጋሼ፣ ጋሼ» ሲል መስማት እንዴት እንደሚያስቅ!

መዋኘት እንደማልችል ስነግራቸው አልደነገጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በሸራ ጀልባ ዓለምን የዞረው ጆሹዋ ስሎከም፣ ከ1895 እስከ 1898 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ዓመት ባሕር ላይ ሲኖር እሱም መዋኘት አይችልም ነበር አሉኝ። ደስ አለኝ። ማታ ጎግል ሳደርግ ስሎከም በ1909 ባሕር ላይ ወጥቶ እንደጠፋ አነበብኩ። ይህን ጋሼ አልነገሩኝም።

ከሌሎቹ ጋር የተዋወቅነው በቡና ነው። የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ዕለት ብቸኝነቱ ሲከብደኝ ጀልባዬ ውስጥ ቡና መቁላት ጀመርኩ። ጭሱ በመስኮት ወጣ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ሰው በሩጫ መጣ፣ ሦስቱ የእሳት ማጥፊያ ይዘዋል! ጀልባ ላይ እሳት ቀልድ አይደለም፤ አንዱ ከተያያዘ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ቡና መሆኑን ሲያውቁ ግን አልተመለሱም። ቦታ ስለሌለ ግማሾቹ ዶኩ ላይ ቁጭ ብለው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጡ። ከማዶ ጀልባ ያለችው ነርስ በረካውን ስትጨርስ «ሌላ ጊዜ ከመቁላትህ በፊት ቴክስት አድርግልን» አለች።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሥራ ቦታ ሳለሁ የደቡብ ነፋስ ተነሣ። ስልክ ሳናነሳ ነው የምንሠራው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳየው ከነርሷ አምስት ጥሪ አለ። በርሬ ስደርስ ጀልባዬ ከዶኩ እንዳትላተም መካከል የሚደረጉት የጎማ ትራሶች ሁለቱ ፈንድተዋል፣ አንደኛው ገመድ ተበጥሷል። ጀልባዬ ግን ምንም አልሆነችም። የሦስት ጎረቤቶች ገመድ ታስሮባታል፣ የጋሼ ትራሶች ተደርድረውላታል። ጋሼ ግንባራቸው ላይ መብራት አስረው፣ በስብሰው ቆመዋል። «ምን ልክፈልዎት?» አልኳቸው፣ አፍሬ። «ገመዴን አድርቀህ መልስልኝ» ብለው ገቡ።

እዚህ ላይ የተማርኩት ትምህርት ትዝ አለኝ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ሰዎች የጋራ የሆነ ነገር ሲኖራቸው መንግሥትም የግል ባለሀብትም ሳይገባ ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ራሳቸው እየተጠባበቁ ሊያስተዳድሩት እንደሚችሉ አሳይታለች። ለፈተና ስሸመድደው ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነበር የሚመስለኝ። ለካ እድራችን ውስጥ ነው ያደግኩት። የእኛ ዶክ ግን መዝገብ የለውም፣ ወርኃዊ መዋጮ የለውም፣ ዳኛ የለውም። የተለመዱ ነገሮች ብቻ አሉ። የሰው ጀልባ ላይ ሳያንኳኩ አይወጣም። ነፋስ ሲነሣ ቤቱ ያለ ሁሉ ዶኩን ዞሮ የሌለውን ሰው ገመድ ያያል። ምሰሶ ላይ ያለ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ኳ ኳ እንዳይል በደንብ ይታሰራል። በዚህች በመጨረሻዋ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ክረምት ሙሉ ተኳርፈው አይቻለሁ። ገነት ነው እያልኳችሁ አይደለም።

አሁን ወደዋናው ነገር ልግባ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሥራ ተመለስኩ። ውሃው ጎድሎ ድልድዩ ገደል ሆኗል፣ ውርጭ ይዞታል። እየተንሸራተትኩ ስወርድ የሆነ ነገር የጀልባ ሆድ ሲደበድብ ሰማሁ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ። ጋሼ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ በጀልባቸውና በዶኩ መካከል፣ አንድ ገመድ አቅፈው።

ጀልበኞች 1-10-1 የሚሉት ነገር አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከወደቅህ ትንፋሽህን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅህ ሳይደነዝዝ የሚረባ ነገር ለመሥራት 10 ደቂቃ፣ ራስህን ከመሳትህ በፊት 1 ሰዓት ገደማ አለህ። የዚያ ቀን ውሃ ከ10 ዲግሪ በታች ነበር። እሳቸው አስሩን ደቂቃ ጨርሰዋል፤ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። በደረቴ ተኝቼ ጎተትኳቸው። ንቅንቅ የለም። ልብሱ የራሰ ሰው ሲሚንቶ ነው። መዋኘት አልችልምና ገብቼ መግፋት አልችልም። ገመድ በብብታቸው ሥር አሳልፌ ከዶኩ ብረት ጋር አሰርኩ፤ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሩኝ አስተሳሰር። ከዚያ ጮኽኩ። ነርሷ በሌሊት ልብሷ ወጣች፣ የአደጋ ጊዜ መሰላሉን አወረድን፣ ሁለት ሆነን አወጣናቸው።

አምቡላንስ እምቢ አሉ። ነርሷ ቀስ እያለች አሞቀቻቸው። ሲነጋጋ መናገር ሲችሉ የመጀመሪያ ቃላቸው «ለልጄ እንዳትነግሩ» የሚል ነበር። ልጃቸው አሪዞና ናት። ከጀልባ ላይ እንዲወርዱ ለዓመታት ስትለምናቸው ኖራለች። ነርሷ እሺ አለች። እኔም እሺ አልኩ።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥራ ላይ ሆኜ እሳቸውን አስባለሁ። ስመለስ መጀመሪያ የማየው የእሳቸውን መስኮት ነው። ነርሷን «ምን ይሻላል?» አልኳት። «አእምሯቸው ጤነኛ ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ውሳኔው የራሳቸው ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ግን እኔ ባደግኩበት ሰፈር ሽማግሌ ጉድጓድ ቢገባ ለልጁ ለመደወል ፈቃድ የሚጠይቅ ጎረቤት አላውቅም። እሱም ልክ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። ልጃቸው ናት። ለካ ጋሼ ለድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው ብለው የእኔን ቁጥር ሰጥተዋታል። «ድምፁ ደስ አላለኝም። አባቴ ደህና ነው?» አለች። «ደህና ናቸው» ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ዝም ባልኩ ቁጥር እሷም ዝም አለች። ነገርኳት።

በአራተኛው ቀን መጣች። ጋሼ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር አላናገሩኝም። ዶኩ ላይ ስንተላለፍ ገመዴን አይተው ያልፋሉ፣ ፊቴን አያዩም። አንዳንዱ ጎረቤትም ቀዘቀዘብኝ፤ «ቃል አፍርሷል» ተብሏል። በሚያዝያ ጀልባቸው ተሸጠ። ሊሄዱ በተነሡበት ጠዋት ጀልባዬ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ብቅ ስል ጋሼ ናቸው። በዚያ በኅዳር ነፋስ ያሰሩልኝን ገመድ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ደረቅ፣ ይዘው ቆመዋል።

«ይቅር አላልኩህም» አሉኝ። «ግን መዋኘት ተማር። የሚቀጥለው ሰው አስተሳሰር የማያውቅ ሊሆን ይችላል።»

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ መዋኛ ገንዳ እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚማሩት የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ይበልጡኛል። በጋሼ ቦታ አንድ ወጣት ጥንዶች ገብተዋል። በገቡ ቀን ገመዳቸውን ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ፈትቼ አሰርኩት።

ልክ ሠርቻለሁ? እስካሁን አላውቅም። ሒሳቡን በሁለቱም በኩል ሠርቼዋለሁ፣ አይዘጋም። ቃል አፍርሻለሁ፣ ጋሼ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ ግን ባልናገርም በሕይወት ይኖሩ ነበር ይሆናል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው የመጀመሪያ የደቡብ ነፋስ ተነሣ። ሌሊት ስልኬ ጠራ፣ ከአሪዞና። ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነህ የለም።

«ገመድህን አየህ?» አሉኝ።

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«የጎረቤትህንስ?»

ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።