ቱቦው እንዴት ይሰበራል?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለቱ ስቅለት ነበር። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ ሜዳ ላይ ሲደርስ የዐፄ ቴዎድሮስ መድፈኞች ከፋላ ኮረብታ ተኩስ ከፈቱ። በንጉሠ ነገሥቱ ስም «ቴዎድሮስ» የተባለው ትልቅ መድፍ ግን ጠላትን ሳይነካ፣ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ራሱ ፈነዳ። ከልኩ በላይ ባሩድ ጎርሶ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና በአገሬው ሠራተኞች የተሠራው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» የተባለው ሌላው መድፍም እስካሁን መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይገኛል።

ባሩድ ስለሚችል ቱቦ የሚነሣው ጥያቄ በዚያ አላበቃም። ዛሬ የሚነሣው በርችት ነው።

በኢትዮጵያ ርችት የኖረው በአብዛኛው የከተማ ነገር ሆኖ ነው። የ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ የሚሊኒየሙ ሌሊት፣ የአዲስ አበባን ሰማይ በርችት አድምቆት ነበር። የሸራተን አዲስ የአዲስ ዓመት ርችትም ለዓመታት የከተማዋ ትዕይንት ሆኖ ቆይቷል። በቡሄና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ደግሞ ልጆች በየሰፈሩ የሚያፈነዱት ትንሹ ርችት አለ። የአዲስ አበባ ፖሊስ በዓል በመጣ ቁጥር ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን ያሳስባል። ይሁንና ክልከላውን መስማት አንድ ነገር ነው፤ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሌላ።

ወደ ሰማይ የሚወረወረው ትልቁ ርችት ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ኳስ ነው። ከሥሩ ማስወንጨፊያ ባሩድ ታስሮበታል። ኳሱ አፉ ወደ ላይ በሆነ ቱቦ ውስጥ ወርዶ ይቀመጣል። ክሩ ሲለኮስ ባሩዱ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ጋዝ ይሆንና ኳሱን ያስፈነጥረዋል፤ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ወደ 90 ሜትር ይወጣል። ኳሱ ሲወጣ በውስጡ ሌላ ክር እየነደደ ነው። ያ ክር ሲያልቅ ኳሱ ተበትኖ ቀለሙን ያሳያል።

መዘዙ የሚመጣው ሁለተኛው ክር ሲቸኩል ነው። ኳሱ ከቱቦው ሳይወጣ እዚያው ይፈነዳል። ይህ በዓመታት ልምድ የታወቀ ነገር በመሆኑ የርችት ባለሙያ ቱቦ ሲመርጥ «ስንት ይችላል?» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ «ባይችልስ እንዴት ይሰበራል?» ብሎ ይጠይቃል።

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ቱቦ የሚፈልግ ሰው ሩቅ አይሄድም። የሕንጻ መሣሪያ መደብር በር ላይ ሦስቱም ዓይነት ተደግፈው ይገኛሉ፤ ግራጫው ፒቪሲ፣ የብረቱ ቱቦና በጥቅል የሚመጣው ጥቁሩ የውኃ መስመር ኤችዲፒኢ። ሦስቱም ውኃ ያስተላልፋሉ። እሳት ሲገባባቸው ግን ለየቅል ናቸው።

ፒቪሲ ሲፈነዳ እንደ መስታወት ይሰባበራል፤ ስንጥሩም በየአቅጣጫው ይበራል። ፀሐይ የከረመበት ፒቪሲ ይደርቃል፣ ብርድ ሲያገኘው ደግሞ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ላለችው እንጅባራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ርችት የሚተኮሰው በሌሊት፣ ብርዱ በሚጠናበት ሰዓት ነው። ብረት ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ የሚታመን ይመስላል። ከአቅሙ በላይ የሆነ ፍንዳታ ሲገጥመው ግን በሰው ላይ የሚዘንበው ብረት ነው። ኤችዲፒኢና በውፍረት የተጠቀለለ የወረቀት ቱቦ ግን ያብጣሉ፣ ይቀደዳሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ ስንጥር አይበትኑም። ባለሙያዎች እነዚህንና የፋይበርግላስ ቱቦን ይዘው ፒቪሲን የሚተዉት ለዚህ ነው።

እንዲህ ሲባል ጥቁሩን ቱቦ የገዛ ሰው ከአደጋ ዳነ ማለት አይደለም። ሥሩ በሚገባ ያልተደፈነ ቱቦ እሳቱን ወደ ታች ይተፋል። በአሸዋ ያልተቀበረ ወይም በጠንካራ ማቀፊያ ያልታሰረ ደግሞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2013 በካሊፎርኒያዋ ሲሚ ቫሊ ከተማ ፈቃድ ባላቸው ባለሙያዎች በተዘጋጀ ትዕይንት ላይ አንድ ርችት ያለጊዜው ፈንድቶ አጠገቡ የተደረደሩትን ቱቦዎች ገለበጣቸው። የቀሩት ኳሶች ወደ ተመልካቹ ተተኮሱ፤ በርካታ ሰዎችም ቆሰሉ። በሠለጠነ እጅ ይህ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ በተቀመመ ባሩድ የሚደርሰውን መገመት አያቅትም።

አዊ ውስጥ አራተኛ ቱቦም አለ፤ ቀርከሃ። የእንጅባራ አካባቢ ደጋ ቀርከሃ አጥር፣ ወንበርና ቅርጫት ሆኖ ኖሯል፤ ከውስጡ ባዶ በመሆኑ ለመተኮሻ የተፈጠረ ሊመስል ይችላል። የላኦስና የሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ገበሬዎች ዝናብ ለመለመን በሚያከብሩት በዓል ከቀርከሃ የተሠራ ሮኬት ሲያስወነጭፉ ኖረዋል። እነሱም ዋጋ ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ታይላንድ ውስጥ 120 ኪሎ የሚመዝን ሮኬት ከመሬት በተነሣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ፈንድቶ 4 ሰዎች ገድሏል፣ 11 አቁስሏል። ቀርከሃ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ግፊት ሲበዛበት ስለታም ስንጥር ይወጣዋል።

ከቱቦው ባሻገር አካባቢው ራሱ የሚጠይቀው ጥንቃቄ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እንጅባራ በተሸለሙ ፈረሶች ትሞላለች። ፈረስ ድንገተኛ ፍንዳታ ሲሰማ ይበረግጋል፤ በሕዝብ መካከል የበረገገ ፈረስ ደግሞ ጋላቢውንም ተመልካቹንም ይጎዳል። ወሩ ጥር ነው፤ ሣሩ ደርቋል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ከሰል እያከሰለ የሚተዳደርበት ዲከረንስ የተባለው የዛፍ ደን በአንድ የወደቀ ፍም ሊያያዝ ይችላል።

የድምፁ ነገርም አለ። በአማራ ክልል በሠርግና በጥምቀት ጥይት ወደ ሰማይ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው፤ ወደ ላይ የሄደው ጥይትም ተመልሶ ይወርዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ባየ ክልል ውስጥ በምሽት የሚሰማ ፍንዳታ በዓል ነው ብሎ የሚተረጉም ጆሮ ጥቂት ነው። እናት ልጇን ይዛ መሬት ላይ ትተኛለች፤ ጠባቂው ጠመንጃውን ያነሣል።

ጉዳት ቢደርስስ? የእጅና የፊት ቃጠሎ በአካባቢው ሆስፒታል የመጀመሪያ እርዳታ ያገኛል። ከባዱ ግን ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አልፎ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ወዳለው ወደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል ይላካል። ከእንጅባራ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ ጥሪው ለሦስት ወገን ነው። የዞኑና የከተሞቹ አስተዳደሮች በዓል ላይ ርችት ይኑር ካሉ ሥራውን ለሠለጠነ ባለሙያ ይስጡ፤ ቱቦው አስቀድሞ ይፈተሽ፣ ተመልካቹ በገመድ ይከለል፣ ፈረሶቹም ከሥፍራው ይራቁ። የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴዎች «ለርችት» ተብሎ አጭር ቱቦ ሲጠየቁ ቆርጠው ከመስጠት ይልቅ አደጋውን ይንገሩ። ወላጆችና መምህራን ደግሞ ሳይፈነዳ የወደቀ ርችትም ሆነ መሬት ላይ የተገኘ ማንኛውም የብረት ቱቦ እንደማይነካ፣ ካገኙም ርቀው ለአዋቂ ወይም ለፖሊስ እንዲናገሩ ለልጆቻቸው ከበዓሉ በፊት ያስረዱ።