ኬሞው ሳይገባ የሚጀምር ማስመለስ

"ዶክተር፣ መድኃኒቱ ገና ሳይገባልኝ የሆስፒታሉ ሽታ ብቻ ያስመልሰኛል" የሚሉ የካንሰር ታካሚዎች ብዙ ናቸው። አንዳንድ አስታማሚ "አንቺ ደግሞ አበዛሽው!" ይላል። አላበዛችውም። ኬሞ በወሰደች ቁጥር ካስመለሳት አእምሮዋ ሽታውንም፣ ክፍሉንም፣ ወንበሩንም ከማስመለስ ጋር አያይዞ ይይዘዋል። በሦስተኛው በአራተኛው ዙር ገና በሩ ላይ ስትደርስ ይጀምራታል። አንዴ እንዲህ ከሆነ ደግሞ የተለመደው የማስመለስ ማስታገሻ ብቻውን ብዙም አይዘውም።

እዚህ ጋ የሚያግዝ ነገር አለ፤ ጡንቻን ማፍታታት። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1920ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ ሳንቲም አያስወጣም። ጋደም ይበሉ። ከእግር ጣት ጀምረው ጡንቻውን ለ5 ሰከንድ ያህል ጠበቅ፣ ከዚያ በአንዴ ልቅቅ ያድርጉና ልዩነቱን ለ20 ሰከንድ ያዳምጡ። ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት እያሉ ወደ ላይ ይውጡ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ታዲያ ልምምዱ ከቀጠሮው ብዙ ቀን ቀድሞ ቤት ውስጥ ይጀመር፤ የኬሞው ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር እምብዛም አያዋጣም።

ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ከገባ ወይም የቀዶ ጥገናው ቁስል ካልዳነ ያንን ቦታ አያጥብቁ፤ በረጅሙ መተንፈስ ይበቃል።

ይህ ዕጢውን አያጠፋም። "ተረጋግተሽ ከተቀመጥሽ ኬሞ ምን ያደርግልሻል" የሚል ካለ አይስሙት። ማስመለሱን ፈርተው ቀጠሮ ለመቅረት ካሰቡም ቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ከኬሞው በፊት በነበረው ማታና በዕለቱ ጠዋት የሚወሰድ ጭንቀት የሚያረግብ ኪኒን ሊያዝልዎ ይችላል።