አቤቱታው ውድቅ ተደርጓል ሲባል

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ወንድሜን ልጠይቅ እንፍራንዝ ወረድኩ። ለባሕር ዳር ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚያቀብሉ ምንጮች ያሉበት፣ ከጣና ዳር ደንገሉ የማይጠፋበት አገር ነው። ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ ሳለ የወንድሜ ልጅ የሰባት ወር ሕፃኗን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «አክስቴ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» አለችኝ።

ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ ነው። ፍሬ ነገሩ «ያቀረቡት ቅሬታ በማስረጃ ያልተደገፈ ሆኖ በመገኘቱ ውድቅ ተደርጓል» የሚል ነው።

ልጅቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። መሥሪያ ቤቷ የቡድን መሪ ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ሲያወጣ እሷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። ተመዝግባ ተወዳደረች። ውጤቱ ሲለጠፍ ግን የሥራ አፈጻጸም ነጥቧ ከወትሮው በጣም ወርዶ አገኘችው። ምክንያቱን ስትጠይቅ አለቃዋ «ግማሹን ጊዜ አልነበርሽማ» አላት። ለቅሬታ አጣሪ ኮሚቴው አመለከተች። መልሱ ያ ደብዳቤ ሆነ።

እናቷ ከምድጃው ዳር ሆና «ተይው ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው። ያለውንም እንጀራ እንዳያሳጡሽ» አለች። ወንድሜ ዝም አለ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ።

ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በ1980ዎቹ ውስጥ፣ ለአንድ ሥልጠና ስሜ ተላልፎ ነበር። ሁለተኛ ልጄን አርግዣለሁ። የዚያን ጊዜ ኃላፊዬ «ሆድሽን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? አርፈሽ ውለጂ» ብሎ ስሜን ሰረዘው። በጽሑፍ የሰጠኝ ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በእኔ ቦታ የሄደችው ባልደረባዬ ተመልሳ ደረጃዋ አደገ። ጡረታ የሚሰላው ከደመወዝ ነውና ያ ዝምታ ዛሬም በየወሩ ከአበሌ ላይ ይቀነሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ በሽተኛ ስመክር የኖርኩ ሰው የራሴን ደብቄ ቀረሁ።

ስለዚህ የሕግ ባለሙያ ዘመድ ጠየቅኩ፤ ሕጎቹንም አገላብጬ አነበብኩ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ ሁሉ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ውድቅ የሆነው ምኑ ነው?

መጀመሪያ ደብዳቤውን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ረጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። አቤቱታ የሚወድቅበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ጊዜው አልፏል ይባላል፤ ወይም ጉዳዩ በእኛ ሥልጣን አይታይም ይባላል፤ ወይም በማስረጃ አልተረጋገጠም ይባላል። ሦስቱም አንድ መድኃኒት የላቸውም። ጊዜው አልፏል ለተባለ ሰው ስለ አለቃው ክፋት አሥር ገጽ መጻፍ ምንም አይፈይድለትም፤ ማስረዳት ያለበት በጊዜው መድረሱን ወይም ያዘገየውን በቂ ምክንያት ነው። ይግባኝ ያንኑ እሮሮ ደግሞ ማሰማት አይደለም። ውሳኔው የቆመበትን ምክንያት ነጥሎ አውጥቶ ስህተቱን ማሳየት ነው።

የእኛ ልጅ ደብዳቤ ማስረጃ የለም ይላል። «ምን አያይዘሽ ነበር?» አልኳት። ያያያዘችው ማመልከቻዋን ብቻ ነው። ያለፉት ዓመታት የአፈጻጸም ውጤቶቿ፣ የወሊድ ፈቃዷ ደብዳቤ፣ የውስጥ ማስታወቂያው ቅጂ፣ የተለጠፈው የውድድር ውጤት፣ አንዱም አልቀረበም። በደሉን ሁሉም ስለሚያውቀው ኮሚቴውም የሚያውቀው መስሏታል። እኛ በነርስነት የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ እንደሚቆጠር ነው። በክርክርም ያው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት እንዳላት ይደነግጋል። በዚያው አንቀጽ ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገት፣ በክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ እኩል መብት አላቸው። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ን ያጸደቀችውም በ1958 ዓ.ም. ነው።

የወሊድ ፈቃዱም ቢሆን በዘመናት እየሰፋ የመጣ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የድኅረ ወሊዱን ወደ 90 አሳደገው። ልጅ ጡት እንዲጠባ የተሰጠ ቀን መልሶ እናቲቱን የሚቀጣ ከሆነ ፈቃድ መሆኑ ምኑ ላይ ነው? የልጅቱ ይግባኝ ዋና ጥያቄም ይኸው ነው።

አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆቻችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568፣ በአካል ጉዳቱ ምክንያት በቅጥር፣ በዕድገት፣ በዝውውር ወይም በሥልጠና አድልዎ ደረሰብኝ ለሚል ሰው የማስረዳቱን ሸክም ያነሳለታል። አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። እንዲህ ያለ አቤቱታ «ማስረጃ አላቀረብክም» ተብሎ ከወደቀ ይግባኙ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ይህ አዋጅ ነው።

መንገዱና ቀኑ

የመንግሥት ሠራተኛ ቅሬታ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው መሥሪያ ቤት ባለው የቅሬታ አጣሪ ኮሚቴ ሲሆን፣ ኮሚቴው ባቀረበው ላይ የበላይ ኃላፊው ይወስናል። ከዚያ በኋላ ያለው በር የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል ሠራተኛ በፌዴራሉ፣ የክልል ሠራተኛ በክልሉ ሕግ ይሄዳል። የሕግ ስህተት ካለ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት ደግሞ እስከ ሰበር ይደርሳል።

ትልቁ ጠላት ቀን ነው። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጠቅላላው የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ሲሆን፣ የሠራተኛ ሕጎች ግን የራሳቸውን ቀን ስለሚወስኑ ያንን ይዞ መዘናጋት አደጋ አለው። ውሳኔው የደረሰበትን ቀን ደብዳቤው ጀርባ ላይ ጻፉ። በዚያው ሳምንት ሬጅስትራር ወይም የሕግ ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ «የመጨረሻዬ ቀን መቼ ነው?» በሉ። ጠበቃዬ ረስቶብኝ ነው ማለትም አያድንም፤ ሥነ ሥርዓት ሕጉ የጠበቃን ወይም የወኪልን ስንፍና ይግባኝ ለማስፈቀድ እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም።

ቀን የጣለው ሰው በሌላውም ዓለም አለ። ሊሊ ሌድቤተር የምትባል አሜሪካዊት በጎማ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት በኃላፊነት ስትሠራ ከወንዶቹ ያነሰ ይከፈላት እንደነበር ያወቀችው ጡረታ ልትወጣ ስትቃረብ ነው። በፈረንጆቹ 2007 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 180 ቀኑ አልፎብሻል ብሎ መለሳት። በ2009 ሕጉ በስሟ ተሻሻለ፤ ለሌሎች ሴቶች ሲጠቅም እሷ ግን ገንዘቡን አላገኘችም። ልጆቻችሁ እዚያ በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ ይህን ንገሯቸው፤ አድልዎ ሲደርስ የመሥሪያ ቤቱን አማካሪ ለማነጋገር 45 ቀን፣ አቤቱታው ውድቅ ሲደረግ ይግባኝ ለማለት 30 ቀን ብቻ ነው ያላቸው።

እኛ አገር የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋምም ሆነ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው፤ አቤቱታም ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። ነገር ግን እዚያ አመልክቻለሁና የይግባኝ ቀኑ ይቆምልኛል ብላችሁ አትቀመጡ። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ላጣ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ከተቋቋመበት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶችን በነጻ ሲያማክር ኖሯል።

የእኛ የወላጆች ድርሻ

እናቷ «ያለውን እንጀራ እንዳያሳጡሽ» ያለችው ከፍቅር ነው። ፍርሃቷን አልናቅሁባትም፤ እኔንም ያስቀረኝ ያው ፍርሃት ነው። ግን ይግባኝ ማለት አለቃን መሳደብ አይደለም። በሥርዓት ተጽፎ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም ተመትቶበት የሚሰጥ ወረቀት ነው። ሥራዋንም ሳታጓድል ታቀርበዋለች።

ከወላጅ የሚፈለገው ቀላል ነገር ነው። ወረቀቶቹን በአንድ ማኅደር በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ። ቀጠሮ ባለበት ቀን ሕፃኑን መያዝ። የትራንስፖርቱን መሸፈን። ማታ ተክዛ ስትገባ «ብለንሽ ነበር» አለማለት። ደግሞም እውነቱን መንገር፤ በይግባኝ መርታትም መረታትም አለ።

ያን ቅዳሜ ሦስተኛውን ቡና እየጠጣን ያሏትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ዘረዘርን። የጎደሉት ሦስት ነበሩ። ሰኞ ዕለት የምዘና ውጤቶቿ ቅጂ ከግል ማኅደሯ እንዲሰጣት በጽሑፍ ጠየቀች። ይግባኙ ቀኑ ሳያልፍ ገብቶ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። ውጤቱን ገና አናውቅም። በቀጠሮው ዕለት ሕፃኑን የምትይዘው ማን እንደሆነች ግን ታውቋል። «ተይው ልጄ» ያለችው እናቷ ናት።