ስለ ሰርቨር ጠባቂዎች ሥራ

መዝገብ የመንግሥት ሥራ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። መዝገብ በብራናና በወረቀት ብቻ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ቁልፉን የሚይዝ፥ ከምስጥና ከእርጥበት የሚከላከል ሰው ይሾምለት ነበር። ዛሬ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ጠባቂው አልቀረም፤ ስሙ ብቻ ተለውጦ ሲስተም አስተዳዳሪ ተብሏል።

በኮልፌ ቀራንዮ ከአየር ጤና ወይም ከቤቴል ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤት የሄደ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ሲባል የታክሲው ሒሳብና የዋለበት ቀን በከንቱ ይቀራል። ይህ ቃል እንዳይሰማ የሚደክመውን ሰው ግን የሚያየው የለም፤ ሥራው የሚታወቀው ሲጎድል እንጂ ሲሟላ አይደለምና።

ብዙዎቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበትን ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት በ1983 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ ያን ጊዜ በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ማንም ሰው በነጻ ወስዶ እንዲመረምረውና እንዲያሻሽለው ስለ ተፈቀደ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ፤ የአንድሮይድ ስልክ መሠረትም ይኸው ነው።

አስተዳዳሪው ጧት ሲገባ አስቀድሞ ሎግ የሚባለውን የማሽኑን የውሎ መዝገብ ያነባል። የይለፍ ቃል እየሞከረ ሊገባ የቃጣ ሰው እንዳለ፥ ዲስኩ እንዳልሞላ፥ ለሌሊት የታዘዘው ሥራ በሰዓቱ እንደ ተፈጸመ ይመረምራል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ፈቃድ ብቻ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ሲዛወርም ወዲያው ይዘጋዋል። ሩት የተባለው ሥልጣን ሁሉን ለመሥራትም ሁሉን ለማጥፋትም ስለሚያስችል፥ አስተዋይ አስተዳዳሪ እርሱ ራሱ እንኳ በግድ ካልሆነ አይጠቀምበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጠባበቂያ ቅጂ ነው። አንድ መጽሐፍ በብዙ ገዳም ተገልብጦ ሲገኝ የአንዱ ቤት ቃጠሎ እንደማያጠፋው፥ የኮምፒዩተር መዝገብም ቢያንስ ሦስት ሆኖ፥ አንዱ በሌላ ሥፍራ ሊቀመጥ ይገባዋል። ተከፍቶ ያልተፈተነ ቅጂም እንደ ቅጂ አይቈጠርም።

የዘመን ቈጠራም ከዚሁ ሥራ ይገባል። ሊኑክስ ጊዜን የሚቈጥረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰኮንድ ነው። በ32 ቢት የሚቈጥሩ የቈዩ ማሽኖችና ፕሮግራሞች ቁጥሩ 2,147,483,647 ሲደርስ ይሞላባቸዋል፤ ቀኑም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፥ የጥምቀት ዕለት፥ በአዲስ አበባ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ያልታረመው ማሽን ዘመኑን በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ወደ ነበረው ወደ 1894 ዓ.ም. ሊመልሰው ይችላል፤ የሕፃን ዕድሜና የጡረተኛ አገልግሎት በእንዲህ ያለ ማሽን ቢሰላ ምን ያህል እንደሚፋለስ ማሰብ ነው። በ64 ቢት የሚቈጥሩት አዲሶቹ ከዚህ ድነዋል፤ የቈዩትን ፈልጎ አስቀድሞ መለወጥ ግን የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው።

ስለዚህ አስተዳዳሪው ለቅጂ የሚሆን መሣሪያና ለመፈተኛ የሚሆን ጊዜ ሲጠይቅ፥ አለቃው «እስከ ዛሬ ምን ጠፋ?» ብሎ ሊመልሰው አይገባም። ምንም አለመጥፋቱ የድካሙ ፍሬ ነውና።